ብጉርና ሕክምናው፦ ምን እንምረጥ፣ ለምንስ እንታገሥ?

(በዓለም ባንክ አካባቢ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተጽፎ በተናጋሪው የታረመ)



ስለ ብጉር ገለጻ እንደማደርግ የሰሙ አንድ ባልደረባዬ «ለብጉር ደግሞ ጉባኤ ይጠራል?» ብለው ቀልደውብኛል። ቀልዱ የራሱ ታሪክ አለው። ከዚህ ከዓለም ባንክ ተነሥተን በአየር ጤና በኩል ወደ መሀል ከተማ ብናመራ ብዙም ሳንርቅ ዘነበወርቅ እንደርሳለን። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በነበረበት በዚያ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ተቋቋመ፤ በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተጨመረለት። ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘ ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የአገራችን የቆዳ ሕክምና በአብዛኛው ያደገው በዚህ ጥላ ሥር ነው። ጣትና ዓይን ከሚያሳጣ ደዌ ጋር በአንድ ደጃፍ ሲሰለፍ ብጉር በእርግጥም ቀላል ይመስላል። ብዙ ተማሪዎች «ለዚህ ብዬ ሐኪም ፊት አልቀርብም» የሚሉት ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

ነገር ግን ብጉር በሽታ አይደለም ከተባለ፣ መድኃኒቱም መድኃኒት መሆኑ ይረሳል። የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ የናቀውን በሽታ ኮስሞቲክስ መሸጫው፣ የፀጉር ቤቱና የጓደኛ ምክር ተረክበውታል። በዓለም ደረጃ ከሕዝቡ 9.4 በመቶ የሚሆነው ብጉር እንዳለበት፣ በስፋቱም ከበሽታዎች ሁሉ ስምንተኛ እንደሆነ ይገመታል። ከ12 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ደግሞ ሳይነካው የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው። ይህን የሚያህል ሕዝብ መድኃኒቱን በግምት ሲመርጥ የሚደርሰውን ጉዳት በየሳምንቱ በምርመራ ክፍሌ አየዋለሁ።

አስቀድመን ብጉር እንዴት እንደሚፈጠር እንይ፤ ይህ ካልተጨበጠ የመድኃኒቶቹ ምርጫ የዕጣ ጉዳይ ሆኖ ይቀራልና።

በፊታችን፣ በደረታችንና በላይኛው ጀርባችን ላይ ያለ እያንዳንዱ የፀጉር ቀዳዳ ከጎኑ የወዝ ዕጢ አለው። ወዝ ቆዳን የሚያለሰልስ የተፈጥሮ ቅባት ነው። በጉርምስና ጊዜ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች፣ በወንድም በሴትም፣ ዕጢውን ያሳድጉታል፤ ወዙም ይበዛል። በዚሁ ጊዜ የቀዳዳውን ግድግዳ የሚያለብሱት ሕዋሳት እንደ ወትሮው ረግፈው መውጣት ሲገባቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ውታፍ ይሠራሉ። ከውታፉ በስተጀርባ የታመቀው ወዝ ኩቲባክቴሪየም አክኒስ ለተባለው ባክቴሪያ መልካም መኖሪያ ይሆናል። ይህ ባክቴሪያ በጤነኛ ቆዳም ላይ የሚኖር ነው፤ ከሌላ ሰው የተጋባ ወይም ከቆሻሻ የመጣ አይደለም። በመጨረሻም ሰውነታችን ራሱ ይቆጣል፤ እብጠቱ፣ ሕመሙና መግሉ የዚህ ቁጣ ውጤት ነው። እንግዲህ አራት ነገሮች ተባብረዋል፤ ወዝ፣ ውታፍ፣ ባክቴሪያና ቁጣ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚመታ መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም በኋላ እደርስበታለሁ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ በአፍንጫ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ እድፍ አይደለም። ውታፉ አፉን ከፍቶ አየር ሲያገኘው በውስጡ ያለው ወዝና የቆዳ ቀለም ይጠቁራል። ስለዚህ በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና መፈተግ ቆዳን ያቆስላል እንጂ ነጥቡን አያወጣውም፤ በቀን ሁለት ጊዜ በለዘብተኛ ሳሙና መታጠብ ይበቃል። ሁለተኛው፣ ዛሬ ጠዋት በመስተዋት ያያችሁት ብጉር የተጀመረው ከሳምንታት በፊት፣ ቀዳዳው ለዓይን በማይታይ ሁኔታ መዘጋት በጀመረ ጊዜ ነው። የትናንት እንጀራ ወይም የትናንት ለውዝ አላመጣውም።

ሐኪም ብጉርን በዓይነቱ ይለየዋል። ውታፍ ብቻ የሆነው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ አንድ ዓይነት ነው። ያበጠውና መግል የቋጠረው ሌላ ነው። በቆዳ ጥልቀት ውስጥ ጠጥሮ የሚያም፣ ሲድንም ጉድጓድ ጠባሳ ትቶ የሚሄደው ሦስተኛው ነው፤ ይህ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። እዚህ ላይ ለሕክምና ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በውጭ አገር የመማሪያ መጻሕፍት «ቀይ» የተባለው እብጠት በእኛ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነው። ቅላትን ብቻ የሚፈልግ ዓይን ብዙ ያበጠ ብጉርን «ቀላል» ብሎ ያልፈዋል። ደግሞም ግንባር ላይ የተዘራ የሚመስል፣ ሁሉም እኩል መጠን ያለው፣ በተለይም የሚያሳክክ ሽፍታ ብጉር ላይሆን ይችላል። ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ ተመሳሳይ ሽፍታ ያወጣል፤ አንቲባዮቲክ ሲወሰድለትም ይብሳል። ብጉንጅም ሌላ በሽታ ነው።

ግንባርን ካነሣን ስለ ቅቤ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሦስት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ከፀጉር ቅባት የሚመጣ የግንባርና የጆሮ ግንድ ብጉርን በጽሑፍ ገልጸዋል። ጽሑፉን ሳነብ ቶሎ ትዝ ያለኝ የእኛው አገር ልማድ ነበር፤ ፀጉርን ለጋ ቅቤ ተቀብቶ፣ በፌስታል ተሸፍኖ፣ ፀሐይ እየሞቁ መዋል። ቅቤው ቀልጦ በግንባር ላይ ይወርዳል፤ የቀዳዳዎቹን አፍ ይሸፍናል። ልማዱን ተዉ አልልም፤ ለፀጉር የሚሰጠውን ጥቅም እናቶቻችን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ብጉሩ ከፀጉር መስመር አጠገብ ብቻ የሚወጣባት ሴት ግን መድኃኒት ከመግዛቷ በፊት ቅቤውንና ቫዝሊኑን ከግንባሯ ብታርቀው ጥሩ ነው። ይህ በነፃ የሚገኝ ሕክምና ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ እንለፍ።

ለአብዛኛው ሰው መነሻው ሁለት የሚቀቡ መድኃኒቶች ናቸው። የመጀመሪያው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያው እርሱን ሲላመደው አልታየም፤ ይህም ከአንቲባዮቲኮች ሁሉ የሚለየው ትልቅ በጎነቱ ነው። ከ2.5 እስከ 10 በመቶ ባለው ጥንካሬ ይመረታል። ሰው ሁሉ 10 በመቶውን ይመርጣል፤ ነገር ግን 2.5 በመቶው በፈዋሽነቱ ብዙም አያንስም፣ የሚያቃጥለውም ያነሰ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጨርቅን ያነጣል። ነጩን ነጠላ አይጎዳም፤ ጥለቱን ግን ያበላሸዋል፤ የትራስ ልብስንም እንዲሁ።

ሁለተኛው የሬቲኖይድ ወገን ነው፤ ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚዛመዱት ትሬቲኖይንና አዳፓሊን ማለቴ ነው። እነዚህ ውታፉ እንዳይሠራ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የወጣውን ብጉር ከማከም ይልቅ ገና ሊወጣ ያለውን ያስቀራሉ። ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት በአቀባቡ ላይ ነው። በወጣው ብጉር ጫፍ ላይ ብቻ ጠብ የሚደረግ መድኃኒት አይደለም። ማታ ፊት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የአተር ፍሬ የሚያህል መጠን ለመላው ፊት ይዳረሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳ ይደርቃል፣ ይላጣል፤ አንዳንዴም ብጉሩ የባሰ ይመስላል። በዚህ ጊዜ አንድ ሌሊት እያሳለፉ መቀባትና ለፊት የሚሆን ማለስለሻ መጨመር ይገባል። ብዙዎች መድኃኒቱን የሚጥሉት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ለውጡ በግልጽ የሚታየው ግን ከ8 እስከ 12 ባሉት ሳምንታት ነው። ቅድም ብጉር የሳምንታት ታሪክ አለው ያልኩት ለዚህ ነበር። በእርግዝና ጊዜ ሬቲኖይድ አይቀባም።

ያበጠና መግል የያዘ ብጉር በፊት፣ በደረትና በጀርባ ሲበዛ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ፣ በአብዛኛው ዶክሲሳይክሊን፣ ይጨመራል። «ይጨመራል» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ዶክሲሳይክሊን ብቻውን ወይም ክሊንዳማይሲን ቅባት ብቻውን ለወራት ሲወሰድ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ይበረክታል፤ ይህም በብጉር ላይ ብቻ አይቀርም። ስለዚህ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም ከሬቲኖይድ ጋር ተጣምሮ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ወር ተወስኖ ይሰጣል፤ ከዚያ ክኒኑ ቆሞ ቅባቱ ይቀጥላል። አወሳሰዱም ሥርዓት አለው። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ ተውጦ ወዲያው አይተኛም፤ ጉሮሮን ያቆስላልና። ከወተትና ከአይረን ክኒን ጋር አብሮ አይወሰድም። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም። ቆዳ በፀሐይ በቶሎ እንዲቃጠልም ያደርጋል፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምንኖር የአዲስ አበባ ሰዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በሴቶች ላይ፣ በተለይ ዕድሜ ከ20 ካለፈ በኋላ በአገጭና በመንጋጋ መስመር ላይ ከወር አበባ በፊት እየጠበቀ የሚመጣ ብጉር አለ። ለዚህ የሆርሞን መንገድ ይሻላል፤ ጥምር የወሊድ መከላከያ ክኒን ወይም ስፓይሮኖላክቶን። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ በእንግሊዝና በዌልስ 410 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ስፓይሮኖላክቶን እንደሚረዳ አሳይቷል፤ ጥቅሙም በ12ኛው ሳምንት ከታየው ይልቅ በ24ኛው ጎልቶ ታይቷል። እዚህም ትዕግሥት! የወር አበባዋ የሚዛባ፣ ፂም መሰል ፀጉር የሚበዛባት ሴት ግን ከቅባት በፊት የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋታል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሁሉ ቀስ ይላሉ። በገበያው ውስጥ ግን በአንድ ሳምንት ፊት የሚያጠራ ቅባት አለ፤ ጊዜዬን ልሰጠው የምፈልገው ለዚህ ነው።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ላስተዋውቃችሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። ግንባሯና ጉንጯ ላይ ጥቂት ውታፍ ብጉር ነበራት። በሰፈሯ ካለ መሸጫ፣ ስም ባልተጻፈበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ የተቀላቀለ ክሬም ገዛች። በስድስተኛው ቀን ፊቷ ጠራ፤ ጓደኞቿ አድራሻውን ጠየቋት። በአራተኛው ወር ክሬሙ አለቀባትና ለፈተና እየተዘጋጀች ሳለች ሁለት ሳምንት ሳትገዛ ቆየች። ፊቷ እሳት የነካው ይመስል አቃጠላት፤ አበጠ፤ ከፊቱ በቁጥርም በዓይነትም የበዛ ሽፍታ ወረሳት። እንደገና ስትቀባው በሁለት ቀን በረደ። ወደ እኔ የመጣችው በዘጠነኛው ወር ነው፤ በጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩ ነበር፤ ቆዳዋም ሳስቶ ነበር።

በዚያ ዕቃ ውስጥ ምን ነበረ? የዚህ ዓይነት ድብልቆች በአብዛኛው እንደ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ አላቸው፤ አንዳንዴም ሃይድሮኪኖን ይጨመርባቸዋል። ስቴሮይድ ክፉ መድኃኒት አይደለም። ለችፌና ለሌሎች የቆዳ ቁጣዎች በየቀኑ አዝዘዋለሁ። የሚሠራው ደም ሥሮችን በማጥበብና የሰውነትን ቁጣ በማፈን ነው። ከአራቱ የብጉር ምክንያቶች አንዱን ብቻ፣ ያውም የሚታየውን፣ ያፍናል ማለት ነው። እብጠቱ ይጠፋል፤ ቆዳው ይነጣል፤ ሰው «ዳንኩ» ይላል። ውስጡ ግን ውታፉ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ስቴሮይዱ ራሱ የብጉር ዓይነት ሽፍታ ያወጣል። በተቋረጠ ጊዜ የታፈነው ሁሉ ባንድ ላይ ይመለሳል። ተጠቃሚው ይህን «ክሬሙን ስላቆምኩ ታመምኩ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ወደ ሻጩም ይመለሳል። ነጋዴው ይህን ሥርዓት አስቦ ባይፈጥረውም እንኳ፣ ደንበኛን በዚህ መጠን የሚያስር ሸቀጥ ሌላ አላውቅም።

ሃይድሮኪኖንም በሐኪም ክትትል ለአጭር ጊዜ የሚጠቅም ነው። ያለ ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ግን ሊያነጣ የታሰበውን ፊት ሰማያዊ በሚመስል ጥቁረት ይሸፍነዋል፤ ይህን ጥቁረት ማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በደቡብ አፍሪካ በሴቶች ፊት ላይ በዝርዝር ተገልጿል፤ አገሪቱም በ1990 በኮስሞቲክስ ውስጥ እንዳይጨመር ከልክላለች። በእኛም አገር ጠንካራ ስቴሮይድ በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ም የመድኃኒት ንግድ ፈቃድ ባለው ቤት እንዲሆን ያዝዛል። ከሕጉ እስከ መደርደሪያው ያለውን ርቀት እናንተው ታውቁታላችሁ።

ተማሪዋን በተመለከተ፣ ጠንካራውን ቅባት በደካማ ተክተን፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ አቆምነው። ዶክሲሳይክሊን ወሰደች፤ በኋላ አዳፓሊን ጀመረች። ፊቷ እስኪረጋጋ ግማሽ ዓመት ፈጀ፤ በመካከሉም ሁለት ጊዜ «ያንን ክሬም ልመልሰው?» ብላ ጠይቃኛለች። የደም ሥሮቹ ዛሬም በጥቂቱ ይታያሉ። እንዲህ ያለ ክሬም የምትጠቀሙ ካላችሁ ዛሬ ማታ በድንገት አትጣሉት፤ ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ቅረቡ።

ሰው ወደዚህ ወጥመድ የሚገባው ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ከብጉሩ ይልቅ ብጉሩ ትቶት የሚሄደው ጥቁር ምልክት ስለሚያስጨንቀው ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ማንኛውም ቁጣ የቀለም ሕዋሳትን ያነቃል፤ ብጉሩ በሁለት ሳምንት ሲድን ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ይህ ምልክት ጠባሳ አይደለም። ቆዳው አልጎደጎደም፣ አልተነፋም፤ ቀለሙ ብቻ ተለውጧል፤ ጊዜ ሲሰጠውም አብዛኛው ይለቃል። የሚያፈጥኑት ነገሮች አሉ፤ አዲስ ብጉር እንዳይወጣ ማድረግ፣ ሬቲኖይድ፣ በእርግዝና ጊዜም ሊቀባ የሚችለው አዜላይክ አሲድ፣ እንዲሁም የፀሐይ መከላከያ። «ጥቁር ቆዳ የፀሐይ መከላከያ አያስፈልገውም» የሚለው አባባል ስለ ቆዳ ካንሰር ሲነገር ከፊል እውነት አለው፤ ስለ ምልክት ሲነገር ግን ስሕተት ነው። ቅባቱ ውድ ከሆነ ባርኔጣና ጥላ አሉ። ሎሚ ግን ተዉ! ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ደግሞ ሊያጠፉት ከፈለጉት የባሰ ጥቁረት ይተዋል። ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ ያቆስላሉ።

አሁን አራቱንም ምክንያቶች ወደሚመታው መድኃኒት መጥቻለሁ። አይሶትሬቲኖይን እ.ኤ.አ. በ1979 በከባድ ብጉር ላይ ያሳየው ውጤት ታተመ፤ በ1982 በአሜሪካ ተፈቀደ። የወዝ ዕጢውን ያሟሽሸዋል፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ብዙ ሕሙማን ብጉራቸው አይመለስም። ለጥልቅ፣ ጠባሳ ለሚተውና ለሌላው ሕክምና እምቢ ላለ ብጉር ከእርሱ የተሻለ የለንም። በኪሎ ግራም ክብደት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም በየቀኑ ይሰጣል፤ ብዙ ሐኪሞች ጠቅላላው መጠን በኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ግራም እስኪደርስ ይቀጥላሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት በቀን 40 ሚሊ ግራም ቢወስድ ከ180 እስከ 225 ቀን ይፈጅበታል ማለት ነው። ከንፈር የማይደርቅበት ሰው የለም። የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ያስፈልጋል። ከዶክሲሳይክሊን ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ሁለቱ ሲጣመሩ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። ስለ ድብርት የሚነገረውን ትልልቅ ጥናቶች አላጸኑትም፤ ሆኖም የስሜት ለውጥ ያየ ቤተሰብ ለሐኪሙ ዝም ማለት የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው የጽንስ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ በእንስሳት ጽንስ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር፤ በተፈቀደ በማግስቱ ዓመት ደግሞ የተጎዱ ሕፃናት ሪፖርት መምጣት ጀመረ። በማኅፀን ሳሉ መድኃኒቱ ከደረሰባቸው ሕፃናት ከ20 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት በጆሮ፣ በፊት፣ በልብ ወይም በአንጎል ላይ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የእርግዝና ምርመራ፣ ከመጀመሩ አንድ ወር በፊት ጀምሮ እስከ ማብቂያው ከአንድ ወር በኋላ ድረስ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ግዴታ ነው። ይህን ጥያቄ ላላገባች ወጣት ሴት፣ ብዙ ጊዜ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ማንሣት በእኛ ባህል ቀላል አይደለም። ወጣት ሐኪሞች ሲዘሉት አያለሁ። እናትን በአክብሮት «ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ይቻላል፤ ማለትም አለብን። ለጓደኛ የተረፈውን እንክብል ማካፈልም፣ በመድኃኒቱ ላይ ሳሉ ደም መለገስም አይፈቀድም፤ ደሙ ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ ይችላልና።

ከአዳራሹ ከቀረቡ የጽሑፍ ጥያቄዎች

«በጾም ወቅት አይሶትሬቲኖይን መውሰድ እችላለሁ?» መልካም ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ወደ ደም በሚገባ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ቅባቱ ቅቤ መሆን የለበትም፤ ዘይት ያለበት ሽሮ ወይም አቮካዶ ይበቃል። ጾሙ ሲፈታ፣ ከዋናው ምግብ ጋር ዋጡት።

«ለውዝ፣ በርበሬና ቸኮሌት ብጉር ያመጣሉ?» በርበሬንና ለውዝን የሚከስስ በቂ ማስረጃ የለም። በደም ውስጥ ስኳርን በፍጥነት የሚያንሩ ምግቦችን መቀነስ፣ ለስላሳ መጠጥን ጨምሮ፣ በአንዳንድ ጥናቶች ረድቷል። ለማንኛውም ምግብ የመድኃኒት ምትክ አይደለም።

«ሲያገቡ ይለቃል ይባላል፤ እውነት ነው?» ብጉር ብዙ ጊዜ የሚቀንስበት ዕድሜና የጋብቻ ዕድሜ ስለሚገጣጠሙ የመጣ ሐሳብ ይመስለኛል። ለብጉር ብሎ የሚያገባ እንዳይኖር። (ሳቅ)

«ማፍረጡ ምን ይጎዳል?» መግሉ ወደ ውጭ እንደሚወጣው ሁሉ ወደ ውስጥም ይፈነዳል፤ ምልክቱና ጠባሳው የሚመጣው ከዚያ ነው።

«እኅቴ ያለችው ደሴ አካባቢ ነው፤ ፊቷ ላይ ጠጣር ብጉር አለ፤ አዲስ አበባ ላምጣት?» ለዚህ ሲባል ወደዚህ መምጣት ግድ አይደለም። ከደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ አለርትና ጥቁር አንበሳ አሉ። የገለጽከው ዓይነት ጠባሳ የሚተው ስለሆነ እስከ ክረምቱ መጨረሻ አትጠብቁ። ስትሄድም እስካሁን የተቀባችውን ሁሉ፣ ስም የሌለውንም፣ በፌስታል ይዛ ትሂድ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት እርሱን ነው።